በካሴት ጫፍ የተመረቀ ዘፈን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ውስጥ ሥራ የለም፤ ክርክር ነው ያለው። ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አባቴ ድሮ ሙዚቃ ቤት አድርጓት በነበረችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን እሸጣለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ለፈለገ ሰው ደግሞ ዘፈንም ሆነ መዝሙር በፍላሽ እጭናለሁ። በሩ አጠገብ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ላይ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ዘፋኝ ሲጨቃጨቁ ዓመታት አለፉ። ላባርራቸው እችል ነበር፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ከእነሱ ባልተናነሰ የታመምኩት እኔ ነኝ።

ዘፋኙ አንጋፋ ነው። ሱሪው መሬት እየጠረገ፣ ኤሌክትሪክ ጊታሩን እያስጮኸ ሮክን ከአማርኛ ዜማ ጋር ካጋቡት ሰዎች አንዱ ነው። ከባንዱ ተጣልቶ ከወጣ በኋላ ብቻውን አራት ካሴት አወጣ። የእኛ ጠብ ያለው እነዚህ አራቱ ላይ ነው።

ከተከራካሪዎቹ አንዱ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ግማሹን ሰፈር አስተምረዋል፣ እኔንም ጭምር። ለእሳቸው ዘፋኙ ማለት የመጀመሪያው ካሴት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ውሃ የበዛበት ወጥ ነው። ሁለተኛው የታክሲ ሹፌር ነው፤ ከኮልፌ መርካቶ ሲመላለስ ውሎ ቅዳሜ ከሰዓት ሚኒባሱን በር ላይ አቁሞ ይገባል። ለእሱ ደግሞ ከሦስተኛው ካሴት ወዲያ ላሳር ነው፤ ዘፋኙ ባንድ አጥቶ በአንድ ኪቦርድ ብቻ የቀዳው።

«ከበሮ መቺ የሌለው ሙዚቃ!» ይላሉ መምህሩ። «ያ ማሽን ቲክ ቲክ ሲል ፈተና ላይ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ።»

«ጋሼ፣ ሰው በልጅነቱ የሰማውን ነው የሚወደው። እኔ ረዳት ሆኜ ታክሲ በር ላይ ተንጠልጥዬ የሰማሁት እሱን ነው።»

«እንግዲህ ተንጠልጥለህ ስለሰማኸው ነዋ ደሙ ወደ ጭንቅላትህ የወረደው!»

እንዲህ ነው የሚቀጥለው። ድምፃቸው ከፍ ሲል የጎረቤቷ ፀጉር ሠሪ ብቅ ብላ ታያቸውና ትመለሳለች። እኔ ፎቶ ኮፒ እያነሳሁ ጣልቃ እገባለሁ፣ አንዳንዴ ወረቀቱን ገልብጬ አነሳለሁ።

አባዬም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። እናቴ ከሞተች በኋላ ጌታን አግኝቶ ሙዚቃ ቤቱን ዘጋ፤ ዛሬ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ዚፕ ያለውን መጽሐፍ ቅዱሱን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ከድኖ፣ በአውራ ጣቱ ሽፋኑን መታ መታ እያደረገ ጥግ ላይ ይቀመጣል። «አባዬ፣ ዘፈን ሲጫወት እዚህ ምን ታደርጋለህ?» ስለው «ለዘፈን አልመጣሁም፣ ለፀሐይ ነው» ይለኛል። ክረምትም ይመጣል። በክረምት ምን ፀሐይ አለ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ትልቅ ሰው ሲዋሽ እንዳልሰማ ማለፍን ያስተማረኝ ራሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲዘመር ከንፈሩ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ድምፅ አልተሰጠኝም ይላል።

ሁላችንም ሳንጣላ የምንስማማበት አንድ ዘፈን ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ካሴት፣ ሁለተኛው ገጽ፣ የመጨረሻው። ሽፋኑ ላይ ርዕሱ አልተጻፈም፤ እኛ «የዝናቡ» እንለዋለን። ከበሮ የለው፣ ኪቦርድ የለው። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይዘንባል። ከዝናቡ ሥር አንድ ጊታር ቀስ እያለ ይመጣል፤ ከዚያ ድምፁ፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሰው ዝቅ ብሎ። ግጥሙ ይህ ነው የሚባል አይደለም። ቆይ ዝናቡ ያባራ፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጫማሽ ይበላሻል፣ ቆይ ትንሽ። በቃ ይኸው ነው። ሊያልቅ ሲል አንዲት ሴት ትስቃለች፣ አጭር ሳቅ፣ እጇን አፏ ላይ ያደረገች የሚመስል። ከዚያ ክሩ ጸጥ ይላል።

ስለ ሳቁ እንኳ ሁለት ሃይማኖት ነበር። መምህሩ «ባንዱን ጥሎ የወጣው ለእሷ ነው፤ ያቺ ናት» ይላሉ። ሹፌሩ «ስቱዲዮው ውስጥ ሻይ ልታቀርብ የገባች ሴትዮ ናት፣ ሳታስበው ተቀዳች» ይላል።

የእኔ ነገር ሌላ ነው። እናቴ ስትሞት አንድ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አንድ ጉርድ ፎቶዋ አለኝ፤ ፎቶ አንሺው አትሳቂ ብሏት መሆን አለበት፣ ከንፈሯን ጭምቅ አድርጋለች። ድምፅዋ ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ ስትናገር ትፍጠን ትዘግይ አላውቅም። ልጅ ሆኜ አባዬን ስለ እሷ ስጠይቀው ይነሳና አንድ ሥራ ይፈልጋል። አንድ ቀን ግን ከጎረቤት መስኮት «የዝናቡ» ሲወጣ እጄን ይዞ ቆመና «እናትሽ ይሄን ዘፈን ትወደው ነበር» አለኝ። ከእናቴ የወረስኩት ያቺ ፎቶና ይህች ዓረፍተ ነገር ናቸው። ስለዚህ ዘፈኑን ስሰማ የምሰማው በእሷ ጆሮ ነበር። ጠዋት ሱቅ ስከፍት፣ ማታ መዝጊያውን ስጎትት ዝቅ አድርጌ እከፍተዋለሁ፤ እሷም የሆነ ቦታ ሆና የምትሰማ ይመስለኛል።

ችግሩ ዘፈኑ እያለቀ ነበር። በእኛ አካባቢ ያለው የዚያ ካሴት ቅጂ ሁሉ ማለት ይቻላል ከአባዬ ዴክ የወጣ ነው፤ እሱ ነበር ለሰፈሩ እየቀዳ የሚሸጠው። ግማሹን ቴፕ በላው፣ ግማሹን እርጥበት። ከጎረቤት ያገኘሁትን የራሴን ካሴት ሳይሞትብኝ ወደ ኮምፒዩተር አዛውሬው ነበር፤ ያን ጊዜም ዝናቡ እንደ መጥበሻ ይንቸሰቸሳል፣ ጊታሩም ይንቀጠቀጣል። ሲያዛውሩ ማሳመር ነውና ሳቁን ቆርጬ ጣልኩት። ደንበኞች «ማን ናት የምትስቀው?» እያሉ አስቸግረውኝ ነበር፤ ለእኔም እንደ ጉድፍ ነው የታየኝ። በኮልፌ ስልኮች ላይ ያለው የእኔ ቅጂ ነው፣ ያለ ሳቁ። መምህሩ ይህን የሰሙ ዕለት «አንቺ ልጅ፣ መቀስ ስታዪ መቁረጥ ያምርሻል?» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ወዲህ የራሳቸውን ካሴት በመሐረብ ጠቅልለው ነው የሚመጡት። «ኦሪጅናል» ነው፣ ማንም አይነካውም። የቅዳሜው ክርክር ሲደክም በአባዬ አሮጌ ዴክ ላይ ራሳቸው ከተው «የዝናቡ»ን እስከ ሳቁ ያሰሙናል፤ ከዚያ ጉባኤው ይበተናል። አባዬም የሚነሳው ያኔ ነው።

ባለፈው ሐምሌ ሹፌሩ እየሮጠ ገባ። የመጀመሪያው ካሴት እንደገና ሊወጣ ነው! ውጭ አገር ያለ አንድ አሳታሚ ዋናውን ክር ከነበረበት አውጥቶ፣ አጥቦና አጥርቶ በሸክላ አሳትሞታል። እኔ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። «የዝናቡ»ን ከነሙሉ ጤናው ልሰማው ነው። እናቴ በሰማችው ጊዜ እንደነበረ ልሰማው ነው።

መምህሩ ሸክላውን በሰው በሰው አስመጥተው እንደ ታቦት ደረታቸው ላይ አቅፈው መጡ። ማጫወቻ ግን ኮልፌ ውስጥ አልተገኘም። ስለዚህ አግዳሚው ላይ አስቀምጠን አየነው። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፊታችንን የሚያሳይ። ሹፌሩ በሳምንቱ ያንኑ በፍላሽ አገኘና መስማት ቻልን። መጀመሪያ ላይ ተደሰትን። ቤዝ ጊታሩ ድሮ ሰምተነው በማናውቀው ቦታ ይመላለሳል። መምህሩ ግን ፊታቸው እየጨለመ ሄደ፤ «በጣም ታጠበ፣ ቀለሙ ለቀቀ» አሉ። ከዚያ ሁለተኛው ገጽ አለቀ። ጠበቅን። «የዝናቡ» አልመጣም።

ሹፌሩ ፍላሹን ነቅሎ ነፋበት፣ መልሶ ሰካው። መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው የሸክላውን ጀርባ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ የለም። «ቆርጠውታል!» ብለው ጮኹ። «የሥራውን ሁሉ ዘውድ ቆርጠው ጣሉት! ዝናቡ ጩኸት መስሏቸው ነው። ፈረንጅ ቆርቆሮ ቤት የት ያውቃል?» አለቀስኩ ማለት ያሳፍረኛል፤ ግን ከቻርጀሮቹ ካርቶን ኋላ ጎንበስ ብዬ አለቀስኩ። በጣም ጓጉቼ ነበር። አባዬ አውራ ጣቱን አቁሞ ያየኝ ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱን ብብቱ ሥር አድርጎ ያለ ሰላምታ ወጣ።

ሹፌር የማያውቀው ሰው የለም። በነሐሴ አንድ ቅዳሜ፣ ዝናቡ ቆርቆሯችንን ሲቀጠቅጠው፣ የዘፋኙን ስልክ ቁጥር በሲጋራ ካርቶን ላይ ጽፎ ይዞ መጣ። አምፕሊፋየር ከሚጠግን ሰው ነው ያገኘው። እንደውልና አቤቱታችንን እናሰማ ተባለ። አባዬ ጥጉ ላይ ነበር። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ድምፁን ለሁሉም ከፈትኩት። ዕድሜያችንን ሙሉ «እሱ» ስንለው የኖርነው ሰው፣ «ሀሎ» ሲል እንደ መብረቅ «እርስዎ» ሆነ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ አድናቂዎችዎ ነን፣ ከኮልፌ» አለ ሹፌሩ፣ ኮፍያውን አውልቆ።

«ከኮልፌ?» ሳቁ ሽማግሌው ዘፋኝ። «አሁንም ጭቃ ነው?»

«አስፋልት ሆኗል።»

«ግማሹ» ብለው አረሙት መምህሩ፤ ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠርገው በክፍል ድምፃቸው ገለጹላቸው። አዲሱ እትም የመጨረሻው ዘፈን እንደጎደለው፣ ይህም በሥራቸው ላይ የተፈጸመ ወንጀል እንደሆነ። ሽማግሌው የትኛው ዘፈን እንደሆነ አልገባቸውም። «እስቲ አሰሙኝ» አሉ። መምህሩ ካሴቱን ከመሐረቡ ፈተው ከተቱት።

የካሴቱ ዝናብና የእኛ ዝናብ ተቀላቀሉ። የቱ ከየት እንደሚወርድ መለየት አቃተኝ፤ ጊታሩም ድምፁም ከጣሪያው በላይ ካለ ቦታ የሚመጣ መሰለኝ። ቆይ ትንሽ፣ ጫማሽ ይበላሻል። ከዚያ ሳቋ። ከዚያ ጸጥታ።

«ደስ ይላል» አሉ ሽማግሌው። «ግን እኔ አይደለሁም።»

መምህሩ ፈገግ አሉ፣ ተማሪ ሲሳሳት እንደሚያደርጉት። «በደንብ ያዳምጡት እንጂ ጋሼ። የእርስዎ ነው።»

«የእኔ አይደለም።»

«ሠላሳ ዓመት እኮ ሰምተነዋል!»

«እኔ ደግሞ ከራሴ ጋር ከዚያ በላይ ኖሬያለሁ» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቀድቼ አላውቅም። ዝናብ ሲመጣ ሥራ እናቆም ነበር።»

ሹፌሩ ስልኩን በመዳፉ ከደነና «አርጅቷል በቃ፣ ረስቶታል» ብሎ አንሾካሾከ። መምህሩ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘፋኙ ስለ ራሱ ዘፈን ሲሳሳት ዘፋኙን ይቅር ለማለት ዝግጁ ነበሩ። እኔ ግን ሽማግሌውን አመንኳቸው። እሳቸው ካልሆኑ የማን ነው? እናቴ የወደደችው የማንን ነው?

ከስልኩ ድምፅ ቀጠለ። «ይህ ሰው በአውራ ጣቱ ብቻ ነው ጊታር የሚመታው። ማንም አላስተማረውም። ካገኛችሁት ሰላም በሉልኝ። ያቺ የምትስቀዋስ ማን ናት?»

መምህሩ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ወንበር ተንቀሳቀሰ። አባዬ ተነስቶ መጣ። መጽሐፍ ቅዱሱን ጠረጴዛው ላይ ከስልኩ አጠገብ አስቀመጠው።

«ባለቤቴ ነበረች» አለ።

 እኔ አባቴን ሳይሆን አውራ ጣቱን ነበር የማየው።

«ዘፈኑስ?» አሉ ሽማግሌው።

«እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ካሴቱ ስልሳ ደቂቃ ነበር፣ የእርስዎ ዘፈን ደግሞ አይሞላውም። ሰው መጨረሻው ላይ ባዶ ክር ሲያገኝ ይቆጣል። ሽንኩርት እንኳ ሲገዛ ይመረቅ የለ? ሌላው ሙዚቃ ቤት የሌላ ሰው ዘፈን ነበር የሚመርቀው። እኔ የራሴን መረቅሁ።»

«በእኔ ስም!» ብለው ከልባቸው ሳቁ ሽማግሌው። «ታዲያ ለምን ተዉት? እጅዎ ጥሩ ነበር።»

«ሞተችብኝ።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን አቆሙ። «ነፍስ ይማር» አሉ፤ ከዚያ ትንሽ ቆይተው እንደገና «ነፍስ ይማር»። ስልኩ እንዴት እንደተዘጋ አላስታውስም።

ተናደድኩ። አባቴ ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ሰው እያየን፣ በር ተከፍቶ፣ «ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ጮኽሁ። እሱ አልተቆጣም። የመጽሐፍ ቅዱሱን ዚፕ እየከፈተና እየዘጋ ነገረኝ። እናቴ ስትሞት ዘፈን ትቻለሁ ብሎ በጉባኤ ፊት ቆሞ ተናግሯል። እንደዚያን ጊዜ አማኞች ሁሉ ቤት ያሉትን ካሴቶች መዝሙር ቀድቶባቸዋል፣ አንድ ሳያስቀር። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንድ ዝናባማ ከሰዓት የቀዳው ዋናው ካሴትም ከመካከላቸው ነበር።

«ሳቋ አብሮ እንደሚጠፋ ያሰብኩት መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ነው» አለኝ። «መልሼ አጠነጠንኩት። የለም። አንድ ቀን ምሳ ይዤልሽ ስመጣ መምህሩ ካሴታቸውን ሲያሰሙ ደረስኩ።»

አልጨረሰውም፤ መጨረስም አላስፈለገውም። በክረምት ምን ፀሐይ አለ ብዬ ላልጠየቅሁት ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር። በየቅዳሜው የሚመጣው ለዚያች አጭር ሳቅ ነበር፤ ስለ ሦስተኛው ካሴት የሚባለውን ሁሉ፣ ያን ሁሉ ጭቅጭቅ ታግሦ። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ድምፅዋን ስመኝ ኖሬ፣ በገዛ እጄ ቆርጬ ጥዬዋለሁ። ከሰፈሩ ሁሉ ስልክ ላይ አጥፍቼያታለሁ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሹፌሩ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ዝናቡን ጥሶ ሄዶ አምቦ ውሃ ገዝቶልኝ መጣ።

መምህሩን ዞሬ አየኋቸው። ካሴታቸውን ከዴኩ አውጥተው ገልበጥ ገልበጥ እያደረጉ ያዩታል።

«ኦሪጅናል ነው ብለው አይደል የሸጡልኝ?» አሉት አባዬን።

አባዬ አንገቱን ደፋ። «ይቅር ይበሉኝ።»

«አሁንማ ኦሪጅናል ሆነ» አሉና በመሐረቡ ጠቅልለው፣ ማንም ሰው በጣቱ እንዲነካው ፈቅደው የማያውቁትን ካሴት እጄ ላይ አስቀመጡት። «ያንቺ ነው። መቀስ ግን እንዳታስጠጊው።»

ሰኞ ዕለት ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ አዛወርኩት። ምንም አላጠብኩም፣ ምንም አልቆረጥኩም። ዝናቡን እንዳለ፣ የክሩን ጩኸት እንዳለ፣ ሳቋን እንዳለ። አንድ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ ብላችሁ አላጋነንኩም። ድምፅዋ ወፍራም ነው። ይህን አላውቅም ነበር።

አሁን ዘፈን ላስጫነ ሰው ሁሉ መጨረሻው ላይ «የዝናቡ»ን እመርቃለሁ፤ ሳይጠይቁኝ፣ ሳልነግራቸው፣ አባቴ እንዳደረገው። አባዬ ግን መዝሙር ላይ ዘፈን መመረቅ ደግ አይደለም ብሎ ተቆጣኝ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ ሰማሁት። ለመዝሙር ገዢዎች ሳቁን ብቻ ነው የምመርቀው።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት ፍላሻቸውን ይዘው ተመለሱ። መምህሩና ሹፌሩ አራተኛው ካሴት ላይ ተያይዘው ነበር፤ አባዬ ጥጉ ላይ ዓይኑን ከድኖ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ቫይረስ ሳይኖርበት አይቀርም» አሉኝ። «መዝሙሩ ሁሉ ደህና ነው። መጨረሻው ላይ ግን አንዲት ሴትዮ ትስቃለች። ማን ናት?»

«እናቴ ናት» አልኳቸው።